ለማያነቡ ሰዎች የጻፍኩት ታፔላ

ባለፈው ወር ሁለት ወጣቶች ደሴ ወዳለችው ሱቄ መጡ። ሥራቸው እንደኔው ነው፤ እኔ በብሩሽ የምሠራውን እነሱ በኮምፒውተር ይሠሩታል። አርማ ይነድፋሉ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ያዘጋጃሉ፣ ለሱቅና ለክሊኒክ ታፔላ ያሳትማሉ። ራሳቸውን ግራፊክ ዲዛይነር ብለው ይጠራሉ። በእኛ ጊዜ ስሙ አልነበረም፤ "ያ ጽሕፈት የሚጽፈው ልጅ" ነበር የምንባለው። የቆየን ባለሙያዎችን እየዞሩ አነጋግረው ትንሽ መጽሔት ሊያወጡ አስበዋል። ለሁላችንም የሚያቀርቡት ሁለት ጥያቄ ነበራቸው። ለሥራዎ መነሻ የሆነዎት ምንድን ነው? ሙያዎስ ለኅብረተሰቡ ምን ጠቀመ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጠግብ አወራሁላቸው። አንድ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ "ጠቅሟል እንጂ፤ ሰው ያለ ታፔላ ሱቁን በምን ያገኘዋል?" አልኩና ሻይ አዘዝኩላቸው። እነሱም ሥቀው ጻፉት። ከሄዱ በኋላ ግን የጀመርኩት ሥራ አልገፋ አለኝ። ያን ቀን ያልነገርኳቸውን እዚህ ላሰፍረው ነው።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ደብር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ አገር የሚያውቃቸው ግን ከዜማቸው ይልቅ በቁም ጽሕፈታቸው ነበር። ብራናውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ ገብስ አብላልተው ያወጣሉ፤ ቀዩን ከምን እንደሚያወጡት ግን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ አይናገሩም ነበር። የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ሐረግ ይስላሉ። ሐረግ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ፣ አንዱ ባንዱ ሥር እየገባ እየወጣ የሚሄድ ጌጥ ነው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሰወር በጣቴ እከተል ነበር። ዓይኔ እሱን ከለመደ በኋላ ሐረግ የማላይበት ቦታ ጠፋ። ጥቅምት ላይ ነፋሱ ያሸተውን ገብስ ወዲያና ወዲህ ሲያስተኛው፣ እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ፣ ክረምት የደፈረሰው ጎርፍ መንገዱን ሲያቋርጥ፣ ሁሉም ሐረግ ነበር። መነሻዬ ይኸው ነው፤ ወጣቶቹም ይህን ነው ደስ ብሏቸው የጻፉት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ትምህርቴን አቋርጬ መካነ ሰላም ከተማ ገባሁ። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። እሱ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰፋል፣ እኔ ከጎኑ ቆርቆሮ ዘርግቼ እጽፋለሁ። ለሻይ ቤት፣ ለፀጉር አስተካካይ፣ ለጠጅ ቤት። የአባቴን ወፍራም ፊደል ይዤ ወደ ዘይት ቀለም አሻገርኩት፤ ሰዉ ወደደልኝ። አባቴ አልወደዱም። ለገበያ ሲመጡ በታፔላዎቼ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። ተቆጥተውኝ ግን አያውቁም።

ክፉው ቀን የመጣው ያኔ ነው። ዝናብ ዓመት ለዓመት ቀረ። የቆላው ሰው ከአባይ በረሃ ወደ እኛ ደጋ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ከብቶቹን እየነዳ መጣ፤ ቀጥሎ ያለ ከብት መጣ፤ ኋላ ላይ ሽማግሌዎቹን ከኋላው ጥሎ መጣ። እኛም ቢሆን ጓያና ድንች እየቆጠብን ነበር የምንበላው፤ ሆኖም የእኛ ችግር ከእነሱ ጋር ሲተያይ ጥጋብ ነበር። በዚያው መሐል ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ በሰልፍ ዜማ ይጮኻል፤ ከተማው በስብሰባ ተሞላ። የመሬት አዋጁ በታወጀ ሰሞን እኔ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። በአቡጀዲ ላይ መፈክር መጻፍ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ ቆሞ ያየኛል። የዘመኑን ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ የሚል ኩራት ልቤ ውስጥ ገባ።

ከከተማው በስተምዕራብ፣ የቆላው መንገድ ደጋውን በሚነካበት አፋፍ ላይ፣ በአጥር የተከበበ፣ ለተራበው ሰው የሚታደልበት የእህል ማደያ ነበር። እዚያ የሚሠራ ይመር የሚባል ጸሐፊ ነበር፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጣል፣ ቀጭን፣ ድካም ፊቱ ላይ የተቀመጠ ሰው። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ወረደ። ዘር የሌለው ገበሬ ዝናቡን ቆሞ አየው። ያው ዝናብ ከከተማው ምሥራቅ ባለው ወንዝ ላይ የነበረውን የእንጨት ድልድይ ይዞት ሄደ። ከደሴ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ከወንዙ ማዶ ቆሙ። ስለዚህ ማደያው ወደ ወንዙ ማዶ፣ ኮሶ ሜዳ ወደምንለው ቦታ እንዲዛወር ተወሰነ። ለጤነኛ ሰው ከአፋፉ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው።

ይመር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየመታው በረንዳችን ድረስ መጣ። ከቆላ ገና እየወጡ ያሉ ሰዎች ባዶ አጥር እንዳይጠብቁ፣ የድሮው ማደያ በር ላይ ታፔላ እንድተክል ፈለገ። እሱና ዘበኞቹ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ የሚቀር ሰው የለም።

"ጽሕፈቱ አጠር ይበል" አለኝ። "ከሥሩ ጆንያ ሳልና ወደ ምሥራቅ የሚጠቁም እጅ አድርግበት። እነዚህ ሰዎች አያነቡም።"

"አብሽር፣ ነገ ጠዋት ይተከላል" አልኩት።

ትልቅ ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ወጥሬ ነጭ ቀባሁት። "የእህል ማደያው ወደ ኮሶ ሜዳ ተዛውሯል" ብዬ በጥቁር ጻፍኩ፤ "ኮሶ ሜዳ" የሚለውን በቀይ። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚያምር ጽሕፈት ነበር። ከዚያ ከሥሩ በከሰል ጆንያውን ነደፍኩት። የተኛ ውሻ መሰለኝ። እጁንም ሞከርኩት፣ ማንኪያ መሰለ። ሥዕል እንደ ፊደል አልገራልኝም ነበር። ደግሞ የትምህርት ቤት ልጅ ሥራ ያስመስለዋል ብዬ አሰብኩ። በጨርቅ አጠፋሁትና በቦታው የአባቴን ሐረግ ከዳር እስከ ዳር ሳብኩበት። ጊዜ አጥሮኝ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ጊዜማ ነበረኝ። ሐረጉ የጆንያውን ሥዕል ሦስት እጥፍ ፈጅቷል። ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ መርፌውን አስቀምጦ "ጆንያ ሳል ብሎህ አልነበረም ወይ?" ሲለኝ፣ ማንበብ የሚችል ሰው አይጠፋም አልኩት።

በማግስቱ ተከልነው። ይመር ሄዶ ነበር፤ ታፔላውን አላየውም።

የሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የሰልፍ ቀናት ነበሩ። ለአዋጁ ድጋፍ ከየገጠሩ ሰው ይጎርፋል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የእኔ አቡጀዲዎች ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ተወጥረዋል። አፋፉ ድረስ የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ተስቦ ገብቷል ስለተባለ ከተሜው ያንን አቅጣጫ ይሸሽ ነበር፤ ርኅሩኅ የሆነው ቂጣ ከሩቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ሰልፉ አበቃ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሥራዬን በፀሐይ ልየው ብዬ ሄድኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከሩቅ ስመለከት ከታፔላው ሥር ሰው ተቀምጧል። ስቀርብ ሠላሳ ያህል ሆኑብኝ። ነጠላና ቁራጭ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ተዘጋው አጥር አዙረው ነበር። አንዲት ክርስቲያን አሮጊት ተነሥታ ሐረጉን በእጇ ዳብሳ ተሳለመችና ተመልሳ ተቀመጠች። በሕይወቴ ሥራዬን እንዲያ ያከበረው ሰው አላየሁም።

አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ስማቸው ሰይድ ነበር። ከተነሡበት ጎን የታፔላውን እንጨት ተደግፋ የተቀመጠችው ሚስታቸው ዘሐራ ናት፤ እግሮቿ አብጠዋል፣ ዓይኗን ከድናለች። ልብሴ ንጹሕ ስለነበር ከመሥሪያ ቤት የተላክሁ መስሏቸዋል።

"እንደምን አደርክ ልጄ" አሉኝ። "እህሉ መቼ ይመጣል አሉ?"

እዚህ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወደ ታፔላው ተመለከቱ።

"ይኸን አይተን ነዋ። እንዲህ ያማረ ጽሕፈት ለባዶ ቦታ አይጻፍም ብለን ተቀመጥን። ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው።"

 ጽሕፈቱን አነበብኩላቸው።  እህሉ ወንዙ ማዶ፣ ኮሶ ሜዳ እንደሆነ ነገርኳቸው። የጮኸም የሰደበም የለም። የሚችሉት ተደጋግፈው ተነሡ፤ ያንን ሁሉ መንገድ በከተማው ዳር አድርገው ወደ ምሥራቅ ጀመሩት። ዘሐራ አልተነሣችም።

ሮጬ ልብስ ሰፊውን ጓደኛዬንና ሁለት የሰፈር ጎረምሶችን ይዤ ተመለስኩ። ከባዶው አጥር ሁለት እንጨት ነቅለን በእኔ ጋቢ ቃሬዛ ሠራን። ሰውነቷ ክብደት አልነበረውም፤ አራት ሰው መሆናችን አሳፈረን። መንገዱ የበልግ ጭቃ ነው፤ እግር ይይዛል። ግራና ቀኙ በሦስት ቀን ዝናብ ለምልሞ ነበር። የረጠበ አፈርና የጥድ ሽታ ያውዳል። በሌላ ዓመት ቢሆን ሰው በእንዲህ ያለው ቀን ሲዘፍን ነበር የሚውለው።

ኪሴ ውስጥ እናቴ የላከችልኝ የገብስ ቆሎ ነበር። ስናርፍ ለአባ ሰይድ ሰጠኋቸው። አንዲት ፍሬ ወደ አፋቸው አላደረጉም። በድንጋይ ላይ አደቀቁት፣ በመዳፋቸው ላይ በውኃ አራሱትና በጣታቸው ከንፈሯ ላይ አደረጉላት። ጥቂቱን ዋጠች። "አየህ፣ ትበላለች" አሉኝ፤ እንደ ትልቅ የምሥራች።

ቀጥሎ በተነሣንበት መንገድ ላይ ነው የጠየቁኝ። ከቃሬዛው ጎን እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ይሄዱ ነበር።

"ያን ጽሕፈት የጻፈውን ሰው ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም" አልኩ። "ከደሴ የመጣ ሰው ነው መሰለኝ።"

ከኋላ እንጨቱን የያዘው ጓደኛዬ ሰምቷል። 

"እጁ የተባረከ ነው" አሉ አባ ሰይድ። "ምን ያደርጋል፣ እኛ አናነብም።"

ከዚያ በኋላ እስከ ወንዙ ድረስ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት መሰላችሁ። እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ነበር የሚበቃኝ። አሁን አይደለም፣ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ፣ ሚስታቸው ስትድን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ በእግር ይሻገሩታል። የኮሶ ሜዳ ድንኳኖች ማዶ ይታያሉ፤ የገንፎው ጭስ፣ የመኪናዎቹ ጣሪያ፣ የሰዎቹ ረድፍ። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሊሰበስቡ ጎንበስ ሲሉ አባ ሰይድ "አውርዷት" አሉ። አወረድናት። ጆሯቸውን ከአፏ አጠገብ አደረጉ፤ ቆዩ። ከዚያ ዓይኗን ከደኑላትና "ኢንና ሊላሂ" አሉ። አላለቀሱም። የነጠላዋን ጫፍ ፊቷ ላይ መለስ አድርገው "በሉ እናሻግራት፣ ማዶ ሰው አለ" አሉን።

ይመር ከሩቅ አይቶን ወደ ውኃው ወርዶ ነበር። ቃሬዛውን ከእኛ ተቀበለ፣ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጡ ጠየቀ። የት እንደቆዩ ሲሰማ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ታደሰ፣ ሥዕሉን አላደረግህበትም?"

ዓይኔን ወደ ውኃው መለስኩ።  አባ ሰይድ ግን ሰምተዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው እንደረጠበ ቆመው አዩኝ፤ እጄን አዩ፣ በጥፍሬ ሥር ያለውን ቀይ ቀለም አዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቢመቱኝም እወድ ነበር።

"ልጄ" አሉ በዝግታ፣ "ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?"



ዘሐራ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከድንኳኖቹ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተቀበረች። ይመርና ጥቂት ሙስሊሞች ሰገዱባት። እኔ ራቅ ብዬ አካፋ ይዤ ቆምኩ። ሲጨርሱ አባ ሰይድ ወደ እኔ መጡና ጋቢዬን አጣጥፈው መለሱልኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስጀምር በእጃቸው ከለከሉኝ። "ከኋላችን የሚወጡ አሉ" አሉኝ። "ለእነሱ የሚገባቸውን አድርግላቸው።" ሌላ ነገር አልተናገሩኝም፤ ከዚያ ወዲያም አላየኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ቢላና ቀለም ይዤ ወደ አፋፉ ሄድኩ። ሐረጉን ፋቅሁት። ቆርቆሮው ተቧጨረ፣ ነጩ ቀለም ተላጠ። በቦታው ጆንያ ሳልኩ፣ የሚጠቁም እጅ ሳልኩ፣ ከእጁ ፊት የምትወጣ ፀሐይ አደረግሁ፤ ምሥራቅ መሆኑ እንዲገባቸው። ጆንያው አሁንም የተኛ ውሻ ይመስል ነበር። ከዚያ አጥሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እኩለ ቀን ሲቃረብ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከቆላው ወጣች። ታፔላው ፊት ቆመች፣ ጆንያውን አየች፣ እጁን አየች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ መንገዱን አየች። ልጆቿን አቅፋ ሳታርፍ ሄደች። እኔን አላየችኝም። ያ ሁሉ የፈጀው አፍታ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ያ አፍታ ከአምስት ቀን በፊት ሊሆን ይችል እንደነበር ነበር የማስበው።

ለአባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገርኳቸው። ሐረጋቸውን ምን ላይ እንዳዋልኩት፣ ለአባ ሰይድ እንዴት እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ያሽከረክሩ ነበር። "እኔ የምጽፈውን ቄሱ ያነብላቸዋል" አሉኝ በመጨረሻ። "ያንተን ማን ሊያነብላቸው ነበር?" ሊያሳዝኑኝ ብለው አይደለም፤ ጥያቄው እውነት ከብዷቸው ነው የጠየቁኝ።

ከዓመት በኋላ ደሴ ወረድኩ፤ ሥራውንም አልተውኩትም። ሥዕል ተማርኩ። ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለመናኸሪያ ሠራሁ። የሠራሁትን ሁሉ ለደንበኛው ከማሳየቴ በፊት ሱቄ ፊት ድንች ለምትሸጥ፣ ፊደል ላልቆጠረች ሴት አሳይ ነበር። "ይኼ ምን ይልሻል?" እላታለሁ። እሷ ያልገባትን እደመስሳለሁ። ሰው ይህን ልማዴን እንደ ብልኀት ያወራዋል፤ ወጣቶቹም ሰምተውት ኖሮ ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀውኝ ነበር። ከልምድ ነው አልኳቸው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከዚያ ክፉ ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ለሥራ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። በገበያው ቀን ከቆላ የወጡ ሰዎችን እየዞርኩ ሰይድ የሚባል፣ ሚስቱ ዘሐራ ኮሶ ሜዳ የተቀበረችበት ሰው ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ባገኛቸው የምለውን በመንገድ ላይ ሳጠናው ነበር የመጣሁት። አንድ ጨው የሚሸጥ ሽማግሌ አወቃቸው። ወደ ሰፈራ ሄደዋል፣ ከሄዱ ወዲያ ወሬያቸውን የሰማ የለም አለኝ። አመስግኜው ዞርኩ። በገበያው መሐል ስሄድ ደረቴ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ። ልገናኛቸው ባለመቻሌ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ሰባ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። ጆንያውን ባለመሳሌ ማልቀስ ከተውኩ ቆየሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ኩራት ነበረብኝ፣ አላወቅሁም ብዬ ራሴን ማጽናናት እችላለሁ። በዚያ ገበያ ላይ ግን ልጅ አልነበርኩም። ያን ቀን ስለተሰማኝ ደስታ ግን ምን ብዬ እንደምጽናና አላውቅም።